ልብ ያልተባለው የልብ በር

እግር ላይ በጣት ቢጫኑት የማይጠፋ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ሽፍታ ወጥቷል። መገጣጠሚያ ይቆረጥማል። ሽንት የሥጋ እጣቢ መስሏል፤ ሲመረመርም ደምና ፕሮቲን ተገኝቶበታል። ሰውነት ከስቷል፣ ማታ ማታ ያልባል፣ ትኩሳቱ መጣ ሄድ ማለት ከጀመረ ሁለት ሦስት ወር ሆኖታል። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ፊቱ የተቀመጠ ሐኪም ቶሎ ከሚያስባቸው ነገሮች አንዱ ቫስኩላይተስ፣ ማለትም የደም ሥር ብግነት ነው። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን የደም ሥር ግድግዳ ሲያጠቃ የሚመጣ ሕመም ነው። አንካ የሚባለው የደም ምርመራ ፖዘቲቭ ሆኖ ከተመለሰ ደግሞ ነገሩ ያለቀለት ይመስላል።

ይህን ሁሉ ምልክት፣ አንካውን ጨምሮ፣ የልብ ቫልቭ ላይ የሰፈረ ባክቴሪያም ሊያመጣው ይችላል። የሕክምና ስሙ ኢንፌክቲቭ ኢንዶካርዳይተስ ነው። የሁለቱ ሕመሞች መልክ ይመሳሰላል፤ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። ለብግነቱ ፕሬድኒሶሎን፣ ሲብስም ሳይክሎፎስፋማይድ ይታዘዛል፤ ሁለቱም የሰውነትን መከላከያ ያደክማሉ። እውነተኛ ቫስኩላይተስ ከሆነ ነፍስ ያድናሉ። ባክቴሪያው ቫልቩ ላይ ተቀምጦ ሳለ ከተሰጡ ግን ሌባው ቤት ውስጥ እያለ ውሻውን እንደ ማሰር ነው።

የሚያሳስተው ደግሞ መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሠራ መምሰሉ ነው። ፕሬድኒሶሎን ትኩሳት ያወርዳል፣ ቁርጥማት ያስታግሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል። ቤተሰብ ደስ ይለዋል፣ ሐኪሙም ምርመራዬ ትክክል ነበር ይላል። ባክቴሪያው በዚህ መሐል ቫልቩን እየበላ ነው።

የበሩ ጉዳት ከየት ይመጣል

ልብ አራት ቫልቮች አሉት፤ ደም ወደ ፊት እንዲያልፍ የሚከፈቱ፣ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉ በሮች ናቸው። ጤነኛ ቫልቭ ለስላሳ ስለሆነ ከድድ ወይም ከቆዳ ወደ ደም የገባ ባክቴሪያ በቀላሉ አይጣበቅበትም። በልጅነት የቶንሲል ሕመም ተከትሎ በሚመጣው የሩማቲክ ትኩሳት የተጎዳ ቫልቭ ግን ወፍሯል፣ ተኮማትሯል፣ ደም በጠባብ ቀዳዳ እየተወረወረ ያልፍበታል። በዚያ ሻካራ ቦታ ላይ የደም ፕላትሌትና ፋይብሪን የሚባል ፕሮቲን ይጋገራል፤ ባክቴሪያ ሲያልፍ እዚያ ላይ ያርፋል። ክምችቱ ቬጄቴሽን ይባላል። መጠኑ ከምስር ቅንጣት እስከ ባቄላ ፍሬ ሊደርስ ይችላል።

በአገራችን የሩማቲክ የልብ ሕመም ወጣቶችን በብዛት ከሚያጠቁ የልብ ሕመሞች አንዱ ነው። ብዙ ሰው ደግሞ ቫልቩ መጎዳቱን አያውቅም፤ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልከው በድካም ወይም በብርድ ይመስለዋል። ስለዚህ «የልብ ሕመም አለብህ ወይ?» ተብሎ «የለብኝም» የሚል መልስ ብዙ አይታመንም። «ልጅ ሳለህ ቶንሲል ይደጋገምብህ ነበር? ጉልበትህና ቁርጭምጭሚትህ አብጦ ያውቃል? በየወሩ መርፌ ተወግተሃል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ቀድሞ የተቀየረ ሰው ሠራሽ ቫልቭ፣ ከውልደት ጀምሮ ያለ የልብ ክፍተት፣ ለኩላሊት እጥበት ደም ሥር ውስጥ የገባ ቱቦ (ካቴተር)ም ያጋልጣሉ። ቀድሞ ምንም ያልነካውን ቫልቭ የሚያጠቃ ባክቴሪያም አለ፤ ከቆዳ ቁስል ወይም መድኃኒት ለመስጠት ደም ሥር ውስጥ ከሚተከለው ቱቦ (ካኑላ) የሚገባው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ነው፣ እሱ በቀናት ውስጥ ያዋክባል። የደም ሥር ብግነት መስሎ ለወራት የሚያታልለው ግን በአብዛኛው ቀስ ብሎ የሚሄደው ዓይነት ነው፤ ከአፍ የሚመጣው ስትሬፕቶኮከስ ዋነኛው ነው።

ቫልቭ ላይ ያለ ነገር እንዴት እግር ላይ ሽፍታ ሆኖ ይወጣል? ባክቴሪያው ከቬጄቴሽኑ ያለማቋረጥ ወደ ደም ይረጫል። ሰውነት አንቲቦዲ ይሠራለታል። አንቲቦዲውና የባክቴሪያው ቁራጭ ሲጣበቁ የተወሳሰበ ጥንድ ይፈጥራሉ፤ ለሳምንታት ሲመረት ሰውነት ጠርጎ አይጨርሰውም፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ይዘቅጣል። በተለይ የኩላሊት ማጣሪያዎችና የታችኛው እግር ቆዳ ላይ። በዘቀጠበት ቦታ ኮምፕልመንት የሚባሉ የመከላከያ ፕሮቲኖች ይቀጣጠሉና የደም ሥሩን ግድግዳ ያበግኑታል። ስለዚህ ብግነቱ የውሸት አይደለም፤ በእርግጥ የደም ሥር ብግነት ነው፤ ግን ነዳጁ የሚመጣው ከልብ በር ነው። ሁለተኛው መንገድ ቬጄቴሽኑ ሲቆራረጥ ነው፦ ቁራጩ በደም ተጉዞ አንጎል ላይ ስትሮክ፣ ጣፊያ ላይ ድንገተኛ የግራ ጎን ውጋት፣ ጣት ጫፍ ላይ ጥቁረት ያመጣል። ከዚያም ቁራጩ የደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ግድግዳውን ያሳሳዋል፤ ቧንቧው እንደ ፊኛ ይነፋል፣ አንጎል ውስጥ ከሆነ ሊፈነዳ ይችላል።

ሐኪሙ ዊልያም ኦስለር በ1885 እ.አ.አ. ለንደን ላይ ስለዚህ ሕመም ተከታታይ ትምህርት ሲሰጥ ከዋና ጭብጡ አንዱ በሽታው ሌላ ሕመም መስሎ መቅረቡ ነበር። ጣት ጫፍ ላይ የሚወጣው የሚያም እብጠት ዛሬም በእሱ ስም ይጠራል።

አንቲቦዲ ጠቋሚ ነው፣ ፈራጅ አይደለም

አንካ ኒውትሮፊል በሚባለው ነጭ የደም ሴል ውስጥ ባሉ ፕሮቲኖች ላይ የተሠራ አንቲቦዲ ነው። ሁለት ዋና ዒላማዎች አሉት፤ ፒአር3 እና ኤምፒኦ ይባላሉ። ለወራት ሲቆሰቆስ የቆየ መከላከያ ግን ብዙ ዓይነት አንቲቦዲ በጅምላ ያመርታል፤ ሩማቶይድ ፋክተር ፖዘቲቭ ይሆናል፣ አንካም፣ ሌሎችም። አዲስ አበባ ያለ ሰው ይህን ነገር ሳያውቀው ያውቀዋል፦ ትኩሳት ይዞት ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባሉት ክሊኒኮች የሚዞር ሰው በአንዱ «ታይፎይድ»፣ በሌላው «ታይፈስ»፣ አንዳንዴም «ሁለቱም» ተብሎ ይወጣል። ዊዳልና ዌይል ፌሊክስ የሚባሉት ምርመራዎች የሚለኩት ጀርሙን አይደለም፤ አንቲቦዲን ነው፤ በሌላ ሕመም ምክንያት የተቆጣ መከላከያም ፖዘቲቭ ያደርጋቸዋል። አንካም እንደዚያው ነው። መንገዱን ይጠቁማል እንጂ ፍርድ አይሰጥም።

ታዲያ ምን ይለያል? ብቻውን የሚበቃ አንድም ምልክት የለም፤ ሲደራረቡ ግን ይናገራሉ። ከሁሉ በላይ ጠቃሚው፣ በብዛትም የሚዘለለው፣ ሲ3 እና ሲ4 የሚባሉት የኮምፕልመንት መጠኖች ናቸው። በተለመደው የአንካ ቫስኩላይተስ አይወርዱም፤ ኮምፕልመንቱ ያለማቋረጥ በሚቃጠልበት ኢንዶካርዳይተስ ግን ብዙ ጊዜ ይወርዳሉ። ፒአር3 እና ኤምፒኦ ሁለቱም አብረው ፖዘቲቭ መሆናቸው ማስጠንቀቂያ ነው፤ እውነተኛው ቫስኩላይተስ ብዙውን ጊዜ አንዱን ይመርጣል። የፕላትሌት ቁጥር ቢወርድ ኢንፌክሽን ይታሰብ፤ በቫስኩላይተስ ከፍ ማለት ይቀናዋል። ጣፊያ ካበጠ፣ በስቴቶስኮፕ አዲስ የልብ ድምፅ ከተሰማ፣ ጥፍር ሥር የስንጥር መሰል የደም ሰረዝ ከታየ ሚዛኑ ወደ ልብ ያጋድላል። በተቃራኒው የአፍንጫ መድማትና ቅርፊት፣ የሳይነስ ሕመም፣ የጆሮ መዝጋት ካለ ወደ እውነተኛው ቫስኩላይተስ ይጠቁማል። ብግነት መኖሩን የሚያሳዩት ኢኤስአርና ሲአርፒ የሚባሉ የደም ምርመራዎች ግን በሁለቱም ከፍ ስለሚሉ ለመለየት አይረዱም። ሳንባ ላይ የሚታዩ ክብ ጥላዎችም እንዲሁ፤ ከቀኝ ልብ ቫልቭ የተነሳ ቁራጭ ሳንባ ላይ ተመሳሳይ ጥላ ይጥላል።

የኩላሊት ናሙና ምርመራም ሊያሳስት ይችላል። ብዙ ጊዜ በኢንዶካርዳይተስ የሲ3 ክምችት ይታያል፣ በቫስኩላይተስ አይታይም ይባላል፤ ግን ክምችት የሌለበት የኢንዶካርዳይተስ ኩላሊትም አለ። ኩላሊቱን አይቶ ልብን ነፃ ማውጣት አይቻልም።

ደም ወደ ጠርሙሱ፣ ከዚያ ሌላው ሁሉ

በእኛ አስተያየት ትልቁ ስህተት የቅደም ተከተል ስህተት ነው። ሕመምተኛው ሆስፒታል የሚደርሰው አሞክሳሲሊን ከፋርማሲ ገዝቶ፣ ከዚያ ለታይፎይድ ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ሴፍትሪያክሶን ወስዶ ነው። በእነዚህ ትኩሳቱ ይወርዳል፣ ባክቴሪያው ከደም ለጊዜው ይጠፋል፣ ቬጄቴሽኑ ውስጥ ያለው ግን አይሞትም። መድኃኒቱ ባለቀ በሳምንት በሁለት ሳምንት ትኩሳቱ ይመለሳል። አንቲባዮቲክ ሲወሰድ የሚጠፋ፣ ሲቆም የሚመለስ ትኩሳት ካለ የልብ ቫልቭ መጠርጠር አለበት። በዚህ መሐል ደም ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን በላብራቶሪ ለማብቀል፣ ቢወሰድ ምንም ላያበቅል ይችላል፤ «ካልቸሩ ንጹሕ ነው» ማለት «ኢንፌክሽን የለም» ማለት አይሆንም። የሳንባ ነቀርሳ ተጠርጥሮ መድኃኒት የጀመረ ሰውም እዚሁ ውስጥ ይገባል፤ ከነቀርሳው መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ስታፊሎኮከስን ጨምሮ ሌሎች ባክቴሪያዎችንም ያዳክማል።

ስለዚህ አንቲባዮቲክም ሆነ ፕሬድኒሶሎን ከመጀመሩ በፊት ሦስት ጊዜ ደም ይወሰዳል፤ ከሦስት የተለያዩ የደም ሥሮች፣ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ቢያንስ አንድ ሰዓት ልዩነት ይኑር። ትኩሳቱ እስኪነሳ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በዚህ ሕመም ባክቴሪያው ደም ውስጥ ያለማቋረጥ አለ። ለአዋቂ በእያንዳንዱ የካልቸር ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ይገባል። 2 ወይም 3 ሚሊ ሊትር ብቻ የገባበት ጠርሙስ ባክቴሪያውን ሊያመልጠው ይችላል፤ በደም ውስጥ ያለው ቁጥር ትንሽ ነውና። ቆዳው በአልኮልና ክሎርሄክሲዲን ተጠርጎ እስኪደርቅ 30 ሰከንድ ያህል ይጠበቃል፣ ከተጠረገ በኋላ በጣት አይዳሰስም፣ የጠርሙሱ የጎማ ክዳንም በአልኮል ይጠረጋል። ከተተከለ ካኑላ አይቀዳም። ጠርሙሱ ፍሪጅ ውስጥ አይገባም፤ በክፍል ሙቀት እንዳለ በሁለት ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ይድረስ። ናሙናው ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላ በቤተሰብ እጅ የሚወሰድ ከሆነ ይህንን መናገር ያስፈልጋል፤ ለጥንቃቄ ብሎ ከበረዶ ጋር የሚያደርሰው አይጠፋም።

ለምን ሦስት? ከቆዳ ላይ የሚገኝ ተራ ባክቴሪያ ከሦስቱ አንዱ ላይ ቢበቅል አብዛኛውን ጊዜ ብክለት ነው። ያው ባክቴሪያ በሦስቱም ላይ ከበቀለ ጥፋተኛው ታውቋል። አንድ ጠርሙስ ብቻ የወሰደ ሐኪም ይህን መለየት አይችልም።

ሕመምተኛው አንቲባዮቲክ እየወሰደ ከደረሰና ሁኔታው የተረጋጋ ከሆነ፣ ሐኪሙ ለቀናት አቁሞ እንደገና ካልቸር ሊያስወስድ ይችላል። ልቡ እየደከመ ወይም ደም ግፊቱ እየወረደ ያለ ሰው ግን ደሙ እንደተወሰደ ወዲያው ሕክምና ይጀመርለታል፤ እሱን ማስጠበቅ አደጋ ነው።

ቀጥሎ ኤኮ፣ የልብ አልትራሳውንድ። በደረት ላይ የሚደረገው በሕመምተኛው የተፈጥሮ ቫልቭ ላይ ካለ ቬጄቴሽን ከ10 ሕመምተኞች 7 ያህሉን ያገኛል፤ በሰው ሠራሽ ቫልቭ ከዚያ ያነሰ። በጉሮሮ ገብቶ ከልብ ጀርባ የሚያየው ከ10 ከ9 በላይ ያሳያል። በሩማቲክ ሕመም የወፈረ ቫልቭ ላይ ትንሽ ቬጄቴሽን ከጠባሳው ለመለየት ይከብዳል። ስለዚህ የኤኮ ማዘዣ ላይ «የልብ ምርመራ» ብሎ መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ «ኢንዶካርዳይተስ ተጠርጥሯል፣ ትኩሳት ይህን ያህል ሳምንት፣ ሽንት ውስጥ ደም» ተብሎ ቢጻፍ መርማሪው የሚፈልገውን ያውቃል። የመጀመሪያው ንጹሕ ሆኖ ጥርጣሬው ካልተነሳ ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ይደገማል።

እነዚህን ምልክቶች አንድ ላይ አድርጎ የሚመዝነው የዱክ መስፈርት ነው፤ በ1994 እ.አ.አ. ወጥቶ በ2023 ተሻሽሏል። ፖዘቲቭ የሆነ ሩማቶይድ ፋክተርና የኩላሊት ማጣሪያ ብግነት በዚያ መስፈርት ውስጥ የኢንዶካርዳይተስ ምልክት ሆነው ይቆጠራሉ። ማለትም ለቫስኩላይተስ ማስረጃ ተደርገው የሚቀርቡት ነገሮች ራሳቸው ለሌላው ወገንም ይመሰክራሉ።

በጠርሙስ የማይበቅለው

ሁሉም ተደርጎ፣ አንቲባዮቲክም ሳይቀድም ካልቸሩ ዝም ሊል ይችላል። አንዱ ምክንያት ባርቶኔላ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ በተራ ጠርሙስ በ5 ቀን አይበቅልም። አንካን፣ በተለይ ፒአር3ን፣ ፖዘቲቭ አድርጎ ኩላሊትን በማጥቃት የሚታወቀውም እሱ ነው፤ ከሁሉም አስመሳዮች የሚብሰው ይህ ነው ማለት ይቻላል። ሁለት ዓይነቱ ይበዛል፦ አንዱ በልብስ ስፌት ውስጥ በሚደበቅ የሰውነት ቅማል ይተላለፋል፣ ሌላው ከድመትና ከድመት ቁንጫ ጋር የተያያዘ ነው። በመሐል ከተማ በረንዳ ላይ የሚያድር፣ በተጨናነቀ ክፍል ተደራርቦ የሚተኛ፣ ልብስ የሚቀይርበት ያጣ ሰው ለመጀመሪያው ይጋለጣል፤ ቅማል የሚያስተላልፈው ግርሻን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ነው። ለማወቅ የሚረዳው ልዩ የአንቲቦዲ ምርመራ ነው፤ በተሻሻለው የዱክ መስፈርት አይጂጂ የሚባለው የአንቲቦዲ ዓይነት 1፡800 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ዋና ማስረጃ ሆኖ ይቆጠራል። ምርመራው በቀላሉ ካልተገኘ የኑሮ ሁኔታን፣ ቅማልንና ድመትን ጠይቆ በካርድ ላይ መጻፍ ራሱ ለቀጣዩ ሐኪም መንገድ ይከፍታል። በከብት፣ በበግና በፍየል ወሊድ አካባቢ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ኮክሲየላ የሚባለው ባክቴሪያ ይጠረጠራል።

ሕክምናው ረጅም የሆነበት ምክንያት

ቫልቭ የራሱ የደም አቅርቦት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ባክቴሪያውም በፋይብሪን ተሸፍኖ በዝግታ ይኖራል። ነጭ የደም ሴሎች እሱ ዘንድ አይደርሱም። ስለዚህ መድኃኒቱ በደም ሥር፣ በከፍተኛ መጠን፣ ለሳምንታት ይሰጣል። በተፈጥሮ ቫልቭ ላይ ላለ፣ ለፔኒሲሊን ለሚበገር የአፍ ስትሬፕቶኮከስ የተለመደው ሴፍትሪያክሶን 2 ግራም በቀን አንዴ ለ4 ሳምንት፣ ወይም ክሪስታላይን ፔኒሲሊን በቀን ከ12 እስከ 18 ሚሊዮን ዩኒት ተከፋፍሎ ነው። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ከሆነ 6 ሳምንት። ፔኒሲሊን ከደም ቶሎ ስለሚወጣ በየ4 ሰዓቱ ይሰጣል፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ያለው መርፌ ከተዘለለ ባክቴሪያው እፎይ ይላል። ቀኑ የሚቆጠረው መድኃኒት ከተጀመረበት ሳይሆን ካልቸሩ ንጹሕ ከሆነበት የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ለዚህም በየአንድ ወይም ሁለት ቀኑ ካልቸር ይደገማል። ጄንታማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ሲጨመር ኩላሊቱ ቀድሞ የተጎዳ መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የክሪያቲኒን ምርመራ ሳይታይ አይቀጠልም፣ ጆሮም ይጎዳል።

የካኑላው ቦታ በየቀኑ ይታይ። ከቀላ፣ ካበጠ፣ ካመመ ወዲያው ይነቀል፤ ያ ቀዳዳ ራሱ ለሌላ ባክቴሪያ በር ነው። በሦስተኛው ሳምንት ሕመምተኛው ደህና ይሆንና «ቤቴ ልሂድ» ይላል። ጸበል ለመሄድ የሚፈልግም አለ፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚሆንበትን መንገድ ከሐኪሙ ጋር ቢነጋገር ይሻላል እንጂ ተደብቆ መውጣት ያስቸግራል። ሳይታከም የቀረ ኢንዶካርዳይተስ ይገድላል፤ ግማሹን የታከመም ይመለሳል።

ኩላሊቱስ? ባክቴሪያው ሲጠፋ ነዳጁ ይቆማል፤ በብዙ ሕመምተኞች ሽንቱ ቀስ በቀስ ይጠራል፣ አንካውም በሳምንታትና በወራት ይወርዳል። ካልቸሩ ንጹሕ ሆኖ ኩላሊቱ ግን መድከሙን ከቀጠለ፣ አንቲባዮቲኩ ሳይቋረጥ፣ የልብ፣ የኩላሊትና የኢንፌክሽን ሐኪሞች ተማክረው ፕሬድኒሶሎን ሊጨምሩ ይችላሉ። ይህ ከመጀመሪያው በጭፍን ከመስጠት የተለየ ነው። ቫልቩ ተበልቶ ልብ ሲደክም፣ መግል ሲቋጥር፣ ወይም ከ10 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ቬጄቴሽን መቆራረጥ ሲጀምር ቀዶ ሕክምና ይታሰባል፤ ንግግሩ በመጀመሪያው ሳምንት ቢጀመር ወረፋው ቀድሞ ይያዛል።

በየወሩ የሚወጉት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን 1.2 ሚሊዮን ዩኒት የሩማቲክ ትኩሳት እንዳይመለስ ነው፤ ከኢንዶካርዳይተስ አይከላከልም። «መርፌዬን አላቋረጥኩም» ብሎ ትኩሳትን መናቅ አይገባም። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለው ወይም ቀድሞ ኢንዶካርዳይተስ የነበረበት ሰው ጥርስ ከማስነቀሉ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት አሞክሳሲሊን 2 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራም 4 ፍሬ በአንድ ጊዜ ይወስዳል። ፔኒሲሊን የማይስማማው አዚትሮማይሲን 500 ሚሊ ግራም ሊታዘዝለት ይችላል። ሕክምናውን የጨረሰ ሰው የመጨረሻውን ኤኮ ውጤት ቅጂ ቤቱ ያስቀምጥ፤ ቀጣዩ መርማሪ የሚያየው እብጠት አዲስ ይሁን የድሮ ጠባሳ የሚያውቀው ከዚያ ነው። ትኩሳት ከተመለሰም ፋርማሲ ከመሄዱ በፊት ደሙ ለካልቸር ይወሰድ፤ የመመለስ ዕድሉ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይበረታል።